ጎኝ መንገድ የለቀቀ ዕለት

ጎኝ ቆሞ አያውቅም። ባጃጅ ሲጠብቅ ይንጎራደዳል፤ ቸርች ውስጥ መዝሙር ሲዘመር ተረከዙ መሬት አይነካም፤ ስልክ ሲያወራ ከግቢው ኒም ዛፍ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ኒም ዛፉ ይመላለሳል። ጋምቤላ ከተማ፣ ኒውላንድ ሰፈር ያሉ ጎረቤቶቹ፣ «ጎኝ ሲተኛ እግሩን ለሌላ ሰው ያውሳል» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል፤ እየሳቀም ይሄዳል።

ሥራውንም ያገኘው በእግሩ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ተራራ ጫፍ ላይ የስልክ ማማ ተተክሏል፤ ልጆች ተራራውን «አንቴና» የሚሉት ለዚህ ነው። ማማው ጄኔሬተር አለው፤ ጄኔሬተሩ ናፍታ ይፈልጋል፤ ናፍታውን ግን መኪና አያወጣውም። ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ቀጭን፣ ድንጋያማ፣ አንዳንድ ቦታ ላይ በእጅ ጭምር የሚወጣ። ጎኝ ቢጫውን ጀሪካን በጀርባው አዝሎ ያወጣል። ሙሉውን ይዞ በእርምጃ ይወጣና ባዶውን ይዞ በሩጫ ይወርዳል። እየቆየ ግን ሥራው ካለቀ በኋላም መልሶ በሩጫ መውጣት ጀመረ። ማንም አላዘዘውም። እግሩ አልጠገበም፣ በቃ።

እኛ የጋምቤላ ሰዎች ሜዳ የለመድን ነን። ዓይናችን ከፊታችን ያለው ማንጎ ዛፍ ላይ ይቆማል፤ ከዛፉ ወዲያ ያለውን የምናውቀው በወሬ ነው። ከአንቴና ጫፍ ግን ሁሉም ነገር አንድ ላይ ይታያል። የባሮ ወንዝ እየተጣጠፈ ሲሄድ፣ ድልድዩን የሚያቋርጡት ባጃጆች እንደ ሰማያዊ ዶቃ ተሰካክተው፣ ከዚያ ወዲያ ምንም የማያግደው ሜዳ ወደ ኢታንግ፣ ከኢታንግም ወዲያ ጭጋግ እስኪሆን ድረስ። ማማው አጠገብ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። እሑድ እሑድ ወጣቶች ፎቶ ሊነሱ ይወጡና እዚያ ተቀምጠው ቁልቁል ያያሉ። ጎኝ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ አያውቅም።

«እዚያ ስትቆም ምን ታያለህ?» ብዬ ጠይቄው ነበር አንድ ቀን።

«መንገዱ የት እንደሚያልቅ።»

«የት ያልቃል?»

«አያልቅም እኮ። ለዚያ ነው የምወርደው» አለና ሄደ።

እኔና ኛሩአች አንድ ጤና ጣቢያ፣ አንድ ካርድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ማራገቢያ ሥር እንሠራለን። ስለ ጎኝ ከማውቀው ብዙውን የነገረችኝ እሷ፣ ፍቅረኛው ናት። ኛሩአች እርጋታዋ ሰውን ያስቀናል። ወረፋ የሰለቸው ታካሚ በመስኮቱ ሲጮህባት ካርዱን እየፈለገች «እሺ አባቴ፣ እሺ» ትላለች፤ የጮኸው ሰው ራሱ አፍሮ ይቀመጣል። እንዲህ ያለችው ልጅ ለምን እንዲያ ያለውን ሰው እንደወደደች አንድ ቀን ጠየቅኳት።

«ከቤት አንዱ ይቀመጣል፣ አንዱ ይሄዳል። ሁለታችንም ብንቀመጥ ውኃውን ማን ያመጣዋል?» አለችኝ።

የጎኝ አባት በሕይወት ስለሌሉ፣ ሽማግሌ ይዘው የኛሩአች ቤተሰብ ወዳለበት ወደ ኢታንግ የሄዱት አጎቱ ዲዩ ናቸው። በኑዌር ወግ ጥሎሽ ከብት ነው፤ በከብቱ የኛሩአች አጎቶች ተስማሙ። የቀረው የእናቷ ቃል ነበር። እናቷ ግን እምቢም እሺም አላሉም። ሽማግሌዎቹ ጥላ ሥር ሆነው ሲጠብቁ ከዋሉ በኋላ፣ «እግሩ አያርፍም ይባላል» ብለው ብቻ ወደ ቤታቸው ገቡ።

ያቺ ቃል ምክንያት ነበራት። የኛሩአች አባት የጀልባ ሰው ነበሩ። ጨው፣ ሳሙናና ጨርቅ ጭነው በባሮ ወደ ሱዳን ይወርዱ ነበር። ቤት ውስጥ ከሰነበቱ ዓይናቸው ወደ ወንዙ ይሄዳል፤ መቅዘፊያውን አንስተው ያስቀምጣሉ፣ ያስቀመጡትን መልሰው ያነሳሉ። ኛሩአች ገና በዳዴ ስትሄድ አንድ ጊዜ ወረዱና ቀሩ። ሞቱ የሚል ሰው አልተገኘም፤ አየኋቸው የሚልም የለም። ከዚያ ወዲህ እናቷ ወንዝ ዳር ልብስ ሲያጥቡ ፊታቸውን ውኃው ወደሚመጣበት ያዞራሉ። ውኃው ወደሚሄድበት አያዩም።

ጎኝ ይህን ያውቃል። እያወቀ ግን ሌላ ነገር በልቡ ያዘ።

ነገሩ የመጣው በቲቸር አሸብር በኩል ነው። ቲቸር አሸብር ከደጋ መጥቶ ጋምቤላ የከረመ የስፖርት አስተማሪ ነው። አንድ ንጋት ተማሪዎቹን ይዞ አንቴናን ሲወጣ፣ ሁሉም ድንጋይ ይዘው ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ፣ ጎኝ ጀሪካኑን አዝሎ «ደህና አደራችሁ» ብሎ አለፋቸው። ቲቸር አሸብር ከዚያ ቀን ጀምሮ አልለቀቀውም። በጥር የተራራ ሩጫ ውድድር ሊደረግ ነበር፤ ከተራራው ግርጌ እስከ ማማው። አንደኛ የወጣው ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ፣ ክልሉን ወክሎ ደጋ ወዳለ ማሠልጠኛ ይላካል።

ልምምድ ላይ መጀመሪያ የተጣሉት በሙዝ ነው። ቲቸር አሸብር ከሩጫ በኋላ ወንዶቹንም ሴቶቹንም ዛፍ ሥር ሰብስቦ ሙዝ ያድላል። ሁሉም ይበላል፤ ጎኝ ሙዙን ኪሱ ይከታል። አንድ ቀን ሊወድቅ ሲንገዳገድ ቲቸሩ ተቆጣ።

«ይሄ ምን ዓይነት ኩራት ነው? ብላ ስልህ ብላ!»

ጎኝ አንገቱን ደፋ። ከጎኑ የነበረው ኦቻንግ ነው የመለሰለት። ኦቻንግ አኝዋክ ነው፤ ባሮ ላይ ዓሣ ያጠምዳል፤ ከጎኝ ጋር ከልጅነታቸው ጀምሮ አንዱ በሌላው ላይ ሳይቀልድ የዋለበት ቀን የለም።

«ቲቸር፣ ኩራት አይደለም። ኑዌር ነው። ጎረምሳው ሴት ልጅ ፊት አይበላም።»

«ታዲያ ሲያገባስ?»

«ሲያገባማ ይብስበታል። አማቱን አያይም።»

«እንዴት ነው የማያየው? አንድ ከተማ እየኖሩ?»

«መንገድ ላይ ከመጣች ከመንገዱ ወርዶ ጫካ ይገባል። እሷም ፊቷን ሸፍና ትሸሸዋለች። ክብር ነው። ሌላ ሴት ብትሆን ዝም ብሎ ያልፋታል፤ ለአማት ግን መንገድ ይለቃል።»

«ከተማ ውስጥ ጫካ ከሌለስ?»

«ሱቅ ይገባል» አለ ኦቻንግ። «ያልፈለገውን ስኳር ገዝቶ ይወጣል።»

ጎኝ ራሱ ሳቀ። ቲቸር አሸብርም ስቆ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የጎኝን ሙዝ ከዛፉ ጀርባ ማስቀመጥ ለመደ።

ውድድሩ ቅዳሜ ሊሆን፣ ዐርብ ከሰዓት በኋላ የኛሩአች እናት በሚኒባስ ከኢታንግ ልጃቸው ቤት መጡ። ሳይታሰብ ነበር። ትከሻ ላይ የሚቋጠር አዲስ ቢጫ ጨርቅ ለብሰዋል፤ በእጃቸው ረጅም በትር። ውኃ እንኳ ሳይጠጡ፣ «እሑድ እመለሳለሁ። ከመሄዴ በፊት ለዲዩ ቃሌን እሰጠዋለሁ» አሉ። ምን ዓይነት ቃል እንደሆነ አልተናገሩም። ኛሩአች በፊታቸው ላይ ፈልጋ አጣችው።

እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ ለነገ ሯጮች የምንሸከመውን የውኃ ጠርሙስ ሳስር ነበር። ኛሩአች ወደ ደጅ ወጥታ ለጎኝ ደወለች።

«ነገ አትሩጥ።»

«ምን?»

«እናቴ መጥታለች። የምትፈራው እግርህን ነው፤ አንተ ከተማው ሁሉ ፊት እግርህን ልታሳያት ነው።»

«ካሸነፍኩ እኮ ዝም ብሎ የሚዞር ሰው አልባልም። የክልሉ ሯጭ እባላለሁ። እሳቸውም ይሰማሉ።»

«ካሸነፍክ ትሄዳለህ።»

«እመለሳለሁ።»

«አባቴም እመለሳለሁ ብሎ ነው የወረደው።»

ኛሩአች ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ቆየች። «ምን አለሽ?» ስላት፣ «ምንም አላለም። ሲመላለስ ኮቴው ብቻ ይሰማኛል» አለችኝ።

ቅዳሜ ማለዳ ውኃውን ይዘን ቀድመን ወጣን። ኛሩአች እናቷን ከጎረቤት ሴትዮ ጋር ትታቸው ነበር። በጥር የተራራው ሣር ተቃጥሎ ያልቃል፤ ጎንና ጎኑ ጥቁር ነው፤ ሲረግጡት አመድ እስከ ጉልበት ይነሳል። ጫፍ ላይ ስንደርስ ሙቀቱ ገና አልበረታም። ኛሩአች ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ቁልቁል መንገዱን አየች፣ ተነሳች፣ ተመልሳ ተቀመጠች። እንደዚያ ስትሆን አይቻት አላውቅም። የጎኝ ነገር የተጋባባት መሰለኝ።

«ቢሸነፍ ደስ ይልሻል?» አልኳት ቀስ ብዬ።

«ቢሸነፍ እንዴት አድርጎ እንደሚቀመጥ አላውቅም» አለች። «ቢያሸንፍ እኔ እንዴት አድርጌ እንደምቀመጥ አላውቅም።»

ከታች ፊሽካ ተነፋ።

እኛ ያኔ ያላወቅነው፣ ኋላ የተነገረን አንድ ነገር ነበር። እናቷ ቤት አልቀሩም። እኛ ከወጣን በኋላ ጎረቤቲቱን፣ «ያ ልጅ ሁልጊዜ የሚወጣበት ቦታ የትኛው ነው?» ብለው ጠየቁ። ሴትዮዋ በጣቷ አሳየቻቸው። «ምን አለ እዚያ?» «ምንም የለም፤ ብረትና ድንጋይ ነው። ግን ሁሉም ይታያል።» እሳቸውም በትራቸውን አነሱ። ሽቅብ ወጥተው የማያውቁ የሜዳ ሰው ናቸው፤ ትንሽ ይሄዳሉ፣ ትንሽ ያርፋሉ። ሯጮቹ ግርጌ ላይ ሲሰለፉ እሳቸው የመንገዱን ግማሽ አልፈው ነበር።

ከግማሹ በላይ ሯጮች «ክርን» የሚሉት ቦታ አለ። መንገዱ ቋጥኝ ይዞ ድንገት ይታጠፋል፤ መታጠፊያው ከጫፍ አይታይም። በግራ በኩል ገደል ነው። በቀኝ በኩል ቋጥኙ የተሰነጠቀበት ጠባብ ጎድጓዳ ቦታ አለ፤ እርጥበት ስላለው እሳት አልነካውም፣ እሾሃማ ዛፍ ሞልቶበታል። መንገዱ ራሱ ከአንድ ሰው በላይ አያሳልፍም።

ጎኝ ከፊሽካው ጀምሮ ፊት ነበር። ከላይ ሆነን እናየዋለን፤ ጥቁሩ ተራራ ላይ ቀይ ካናቴራው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ኦቻንግ ሁለተኛ ነበር፤ እየተከተለው ይጮሃል።

«ጎኝ! ጠብቀኝ እንጂ፣ ወንድሜ! ተራራው የትም አይሄድም!»

ያ ጩኸት ከጎኝ ቀድሞ ክርኑን ታጠፈ። የኛሩአች እናት ኮቴ ሰምተው፣ ሯጮቹን ቆመው ሊያሳልፉ በመንገዱ ዳር ተጠግተው ነበር። የመጡት እኮ ልጁን በዓይናቸው ሊያዩ ነው። «ጎኝ» የሚለውን ስም ሲሰሙ ግን ሰውነታቸው አልጠበቃቸውም። ጨርቃቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡና ወደ እሾሁ ገቡ።

በዚያው ቅጽበት ጎኝ ክርኑን ታጠፈ። ያየው የቢጫ ጨርቅ ጫፍና ረጅም በትር ነው። ኛሩአች ስለ አዲሱ ጨርቅ ነግራው ነበር። ፊቱ ባዶ መንገድ ነው፤ ማማው ይታያል። ዝም ብሎ ቢሮጥ ማንም ምንም አይለውም። ግን እግሩ፣ ያ የማያርፈው እግሩ፣ ከመንገዱ ወረደ። በግራ ገደል ስለሆነ የሚወርድበት አንድ ቦታ ብቻ ነበር። በአንድ ዛፍ ማዶ ጨርቁን አልፎ ወደ እሾሁ ገባ፤ ቅርንጫፉም ከኋላው ገጠመ።

እንዲህ ሆነው ተገኙ፤ አማትና አማች ሊሆኑ ያሉ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ሌላውን ሊሸሽ አንድ ጉድጓድ ውስጥ፣ ጀርባና ጀርባ። በመካከላቸው አንድ ዛፍ ብቻ ነበር።

ኦቻንግ ደርሶ ቆመ።

«ጎኝ! ምን ሆንክ? እባብ ነው?»

«ሂድ!»

«አመመህ?»

«ሂድ ነው የምልህ፣ ኦቻንግ!»

ኦቻንግ የቢጫውን ጨርቅ ጫፍ አየ። ገባው። አፉን በእጁ ይዞ፣ ትከሻው በሳቅ እየተንቀጠቀጠ፣ ሮጠ። ከኋላው ሌላ ሯጭ አለፈ፣ ከዚያም ሌላ።

ጎኝ መውጣት አልቻለም። መውጫው በእሳቸው በኩል ነው፤ ለመውጣት ፊት ለፊታቸው ማለፍ አለበት። እሳቸውም አይንቀሳቀሱም። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ይገባል፤ ኮቴዎቹ አንድ በአንድ ከጀርባው ወደ ላይ ይሄዳሉ። ከዚያ ከዛፉ ማዶ ድምፅ ሰማ።

«አንተ ዛፍ» አሉ የኛሩአች እናት በኑዌርኛ። «እዚህ አካባቢ አንድ የቸኮለ ሰው አለ መሰለኝ። ለምን አይሄድም?»

አማት አማችን አያናግርም፤ ዛፍ ማናገር ግን ማን ከልክሏል?

«አንተ ዛፍ» አለ ለቋጥኙ እያወራ፣ «መውጫው በእናታችን በኩል ነው በልልኝ። መጀመሪያ እሳቸው ይውጡ።»

«አልቻልኩም በለው። እንዴት ልውጣ? አንተው ራስህ፣ አንተ ዛፍ፣ ጨርቄን ይዘህ!»

ጎኝ እጁን ወደ ኋላ ሰደደ። ሳያይ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ ቅርንጫፉን በጣቱ ይዳስስ ጀመር። እሾህ ወጋው። ጨርቁን አገኘው፤ ብዙ ቦታ ላይ ተሰክቷል። ሊጎትተው ሲል ድምፁ እንደገና መጣ።

«አንተ ዛፍ፣ እንዳይቀደድ። አዲስ ነው። ሽማግሌ ፊት የምቀርብበት ነው።»

ስለዚህ አልጎተተም። እሾሁን አንድ በአንድ ከጨርቁ ነቀለ፤ አንዱን ሲነቅል ሌላው እጁን ይይዘዋል። ጎኝ በሕይወቱ እንደዚያ ቀስ ብሎ የሠራው ነገር የለም። እግሩ በቦታው ይረግጣል፣ ይረግጣል፤ እጁ ግን አልቸኮለም።

ሌላ ኮቴ መጣ፤ ከባድ፣ የሚያለከልክ።

«አንተ ዛፍ፣ ይሄኛው ወፍራም ነው» አሉ እናቲቱ። «እሱም አለፈ እንግዲህ።»

ጎኝ ሳያስበው ሳቁ አመለጠው። በእጁ የያዘው ጨርቅም ተንቀጠቀጠ፤ ከወዲያ ማዶም እየተሳቀ ነበር።

የመጨረሻው እሾህ ተነቀለ። የኛሩአች እናት ወደ መንገዱ ወጡ፤ ጥቂት ወደ ላይ ተራመዱና ፊታቸውን ቋጥኙ ላይ ለጥፈው ቆሙ። «ይለፍ በለው» አሉ፤ አሁን ለድንጋዩ ይሁን ለዛፉ አይታወቅም። ጎኝ በገደሉ በኩል፣ በጫማው ጠርዝ፣ ዓይኑን ሰማይ ላይ አድርጎ አለፋቸው። ካለፈ በኋላ እንዴት እንደሮጠ ከላይ ሆነን አየን። ወፍራሙን አለፈ፣ ከእሱ ፊት የነበረውን አለፈ። ግን ተራራው አለቀ።

ኦቻንግ አንደኛ ወጣ። ጎኝ ሦስተኛ።

«ክርን ላይ ስትደርስ ፊት ነበርክ! አይቼሃለሁ!» ቲቸር አሸብር እጁን ያወናጭፋል። «ከዚያ የት ገባህ?»

ድንጋዩ ላይ የተዘረጋው ኦቻንግ ትንፋሹ እየተቆራረጠ መለሰ።

«ቲቸር፣ ያልኩህን ረሳኸው? ጫካ ይገባል አላልኩህም?»

ቲቸር አሸብር አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ። ቀስ ብሎ ኮፍያውን አወለቀ። «እና አሁን ለውድድሩ ኮሚቴ ምን ብዬ ነው የማስረዳው?»

«አማት በላቸው» አለ ኦቻንግ። ከዚያ ሳቁን ትቶ ተቀመጠ። «ድገሙት ከተባለ እደግማለሁ፣ ቲቸር። እውነቴን ነው።»

«ውድድር አይደገምም» አለ ቲቸሩ።

ጎኝ ከማማው ወደ ድንጋዩ፣ ከድንጋዩ ወደ ማማው ይመላለስ ነበር። ኛሩአች እጁ ሲደማ አይታ ተነሳች።

«ወደቅክ?»

«እናትሽ መንገድ ላይ ናቸው።»

«እናቴ? ቤት ነው የተውኳት!»

«ክርን ላይ ነበሩ። ጨርቃቸው አልተቀደደም።»

ኛሩአች እጁን ልትይዘው ሰው አየችና ተወችው። «እንደ አማች ሸሸችህ?» አለች በጣም በቀስታ።

«ወደ እሾሁ ገቡ።»

«ሩጫ ሲመጣ ማንም ዳር ይይዛል። ምንም ላይሆን ይችላል፣ ጎኝ።»

«ፊታቸውን ሸፍነው እንደነበር አላውቅም። ማየት አይቻልም እኮ» አለ። መልሶ መመላለስ ጀመረ። አንዴ ወደ ደጋው መንገድ ያያል፣ አንዴ ወደሚወጣው ቀጭን መንገድ። ሁለቱንም በአንድ ጠዋት ያጣ ሰው ይመስል ነበር።

በትሩ ከእናቲቱ ቀድሞ ተሰማ፤ ድንጋይ ላይ ጠቅ፣ ጠቅ። ጎኝ ከማማው ጀርባ ዞረ።

የኛሩአች እናት ጫፍ ላይ ወጥተው ቆሙ። ማንንም ሰላም አላሉም። አመድ እስከ ጉልበታቸው ደርሷል። ቁልቁል አዩ፤ ኛሩአች ሮጣ ክንዳቸውን ያዘቻቸው።

«ባሮ ያ ነው?»

«አዎ እናቴ።»

«ውኃው ወደየት ነው የሚሄደው?»

ኛሩአች እጇን ወደ ጭጋጉ ዘረጋች። እናቲቱ በዚያ በኩል አዩ። ልብስ ሲያጥቡ ዓመታት ሙሉ ያላዩትን ወገን ቆመው አዩት። ወንዙ ይታጠፋል፣ ይታያል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ራቅ ብሎ ይታያል።

«ሩቅ ነው» አሉ። «እኔ ቅርብ ይመስለኝ ነበር። አባትሽ ቅርብ ሆኖ የማይመጣ ይመስለኝ ነበር።»

ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ውኃ ሰጠኋቸው፤ ጠጡና ጠርሙሱን መለሱልኝ። ከማማው ጀርባ ኮቴ ይሰማል፤ ሁለት እርምጃ ወዲህ፣ ሁለት እርምጃ ወዲያ። እናቲቱ ጆሯቸውን ሰጡ።

«ያ ነው?»

«እሱ ነው» አለች ኛሩአች።

«እግሩ አያርፍም ብለውኝ ነበር። ውሸት አይደለም» አሉ። ከዚያ የጨርቃቸውን ጫፍ ጭናቸው ላይ ዘርግተው በጣታቸው ዳሰሱት፤ አንድም ክር አልተሳበም። «ንገሪው ለዚያ ሰው። ቁልቁለት አልወድም። ከፊቴ ይውረድ። እሾህ ካለ ያንሳ፤ የሚንከባለል ድንጋይ ካለ ከመንገዱ ያስወግድልኝ። ወደ ኋላ ማየት የለም።»

ኛሩአች አልተንቀሳቀሰችም። «ለዲዩስ ነገ ምን ልትዪ ነው?»

«ለዲዩ ምን እላለሁ? አማቼ ከፊቴ ሲወርድ ከተማው ሁሉ ሊያይ አይደለም እንዴ?»

ኛሩአች ፊቷን በእጇ ሸፈነች። እኔም ወደ ወንዙ ዞርኩ፤ ሰው ሲያለቅስ ማየት አልችልበትም።

ጎኝ ከማማው ጀርባ ወጣና ሳያይ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ መንገዱ አፍ ላይ ቆመ። እናቲቱ ተነሱ። በትራቸው ጠቅ ሲል አንድ እርምጃ ወረደ። እኔና ኛሩአች ራቅ ብለን ተከተልን። እንደዚያ ተወረደ፤ እሱ አንድ እርምጃ፣ እሳቸው አንድ በትር። ድንጋይ ያነሳል፣ ገደሉ ውስጥ ይጥላል። የተቃጠለ ቅርንጫፍ በእግሩ ይገፋል። ከታች የኮሚቴው መኪና ጥሩምባ ሲነፋ ትከሻው ይነሳና ይመለሳል።

ኦቻንግ በሩጫ ደርሶ በጎናችን ሾልኮ አለፈን። እናቲቱ አጠገብ ሲደርስ ሩጫውን ገትቶ ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸው፤ ከዚያ ጎኝን ትከሻውን መታ።

«ወንድሜ፣ ከደጋ ምን ላምጣልህ?»

«ጫማ» አለ ጎኝ።

«ለምንህ? እንዲህ ለምትሄደው ሸበጥ ይበቃሃል!»

ሳቁ ከእሱ ቀድሞ ወደ ታች ተንከባለለ።

ክርን ላይ ስንደርስ እናቲቱ ሊያርፉ ቆሙ። ጎኝ የበትሩ ድምፅ ሲቋረጥ እሱም ቆመ። ፊቱ ወደ ሜዳው ነው፤ ከኋላው ያለውን አያይም። የቀኝ ተረከዙ ከመሬት ተነስቶ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በጡንቻው ላይ አመዱ ሲረግፍ ይታየኛል። መንገዱ ከፊቱ ባዶ ነው፣ ቁልቁል ነው፣ ለሩጫ የተሠራ ይመስላል። ጠበቀ። ንፋስ የእሾሁን ዛፍ አነቃነቀው። ጠበቀ።

በትሩ ጠቅ አለ። አንድ እርምጃ ወረደ።